በማግ የታሰረ ውሃ

«ሰኔ ዐሥራ ሁለት ነው፤ የሚካኤል ዕለት» ትላለች ሳባ፣ ነገሩ በተነሣ ቁጥር። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ራሷ ታፈርሰዋለች። «አይ፣ ሚካኤል አይሆንም። ሚካኤል ቢሆን አማቴ አባባ ወልዴ ቤተ ክርስቲያን ይውሉ ነበር እንጂ ምንጭ ዳር ምን ይሠራሉ?» ባሏ ኦይታ ሐምሌ ነው ባይ ነው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ አንድ እግር ጫማዬን ውጦ አስቀርቶብኛል ይላል። ጫማው የተዋጠው በሌላ ቀን እንደሆነ ሳባ ታውቃለች፤ ግን አትከራከረውም። ዓመቱ ላይ ሁለቱም ይስማማሉ። 2002 ነው፤ ልጃቸው ማዕዶት የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰ» ማለት ያቃታት ጊዜ። ቀኑን እርግጠኛ ሆኖ የሚነግራቸው አንድ ሰው ነበር። እሳቸውም የሳባ አባት ናቸው፤ አሁን በሕይወት የሉም።

አቶ ጥዑመልሳን የፊዚክስ መምህር ነበሩ። አርባ ምንጭ የመጡት የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉዬንና የሰባት ዓመት ልጃቸውን ሳባን ይዘው። ሁለት ዓመት አስተምሬ እመለሳለሁ ብለው ነበር አመጣጣቸው። ሙሉዬን ወባ ወሰደቻትና እዚሁ ተቀበረች፤ ከዚያ በኋላ የመመለስ ነገር አልተነሣም። ወዴት እንደሚመለሱም ቢሆን ሳባ በደንብ አታውቅም ነበር። «ከመራቤቴ ነኝ» ይላሉ። አባትዎ ምን ነበሩ ሲባሉ «ገበሬ» ይላሉ። ከዚህ አያልፍም። ከመራቤቴ ዘመድ መጥቶ አያውቅም፤ ግድግዳቸው ላይም የሙሉዬ እንጂ የሌላ ሰው ፎቶ አልነበረም።

ላይኛው ከተማ ሴቻ ያለው ቤታቸው በረንዳው ሁልጊዜ በብረት የተሞላ ነው። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ ጋራዦች የሚለቅሙት ቁርጥራጭ፣ የብስክሌት ጎማ፣ የተሰነጠቀ መስተዋት። አንድ ጊዜ በፀሐይ ሙዝ የሚያደርቅ ሣጥን ሠርተው ላንቴ ላሉ ገበሬዎች ወሰዱላቸው። ሙዙ ደረቀ፤ ነገር ግን ጠቁሮ እንደ ጫማ ጠፍር ሆነ። ገበሬዎቹ በአክብሮት አንዳንድ ቀመሱና ሣጥኑን የዶሮ ቤት አደረጉት። አቶ ጥዑመልሳን አልተቀየሙም። «ዶሮዎቹ ይሞቃቸዋል» አሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ሲፈቱና ሲገጥሙ ብሎኖቹን በከንፈራቸው ይይዛሉ። ሳባ ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷን አንድ ነገር ልትጠይቅ በቀረበች ቁጥር አፋቸው ውስጥ ብሎን አለ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «ቆይ» ማለታቸው ነው። ቆይታ ቆይታ ትታው ትሄዳለች።

ኦይታን የወደደችው የነርስነት ትምህርቷን እንደጨረሰች ነው። ኦይታ የኦቾሎ ልጅ ነው፤ ከአባያ ሐይቅ በላይ ከተራራው ጫፍ ላይ ካለችው መንደር። በግብርና ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራል። ሽማግሌዎቹ ወደ ሴቻ መጡ። አቶ ጥዑመልሳን በደንብ ተቀበሏቸው፣ አስቀመጧቸው፣ ቤተሰቡን ጠየቁ። አንደኛው ሽማግሌ ምንም ሳያፍር «አባቱ ሸማኔ ነው፤ ከኦቾሎ እስከ ጨንቻ የታወቀ ሸማኔ» አለ። በዚያን ጊዜ ሳባ ከጓዳ ሆና አባቷን ታያቸዋለች። ፊታቸው እንደ ተዘጋ መስኮት ሆነ። በመጨረሻ «ልጅቷ ከፈለገች እኔ ምን እላለሁ» ብለው ተነሡ።

ሠርጉ ጥር 1994 ነበር። አቶ ጥዑመልሳን አልመጡም። ፈተና አለብኝ ብለው ላኩ። ቀኑ እሑድ ነው። ሳባን የሥራ ባልደረባቸው አቶ ፈቃደ በአባት ቦታ ቆመው ዳሯት።

ከተማው የራሱን ትርጉም ሰጠው። ሰሜነኛው መምህር ሸማኔ ንቆ ነው ተባለ። ሳባም ይህንኑ አመነች፤ ማመን አልፈለገችም፤ ግን ሌላ የሚታመን ነገር አልነበረም። ባገሩ ባህል ሸማኔ «ቡዳ» ሲባል መስማቷን ታስታውሳለች፤ ከአባቷ አፍ ግን ሰምታው አታውቅም። ኦይታ ብቻ ነው ነገሩን ያላከበደው። «ተዪው፤ ልጅ ሲወለድ ይመጣል። የእኛ አገር ዳገት ያላሸነፈውን ሰው ልጅ ያሸንፈዋል» አላት።

እውነቱን ነው። ማዕዶት ክርስትና በተነሣች ዕለት መጡ፤ በሽቦና በድንጋይ ሚዛን ራሱን የሚወዘውዝ አልጋ ተሸክመው። ልጅቱን አቀፏት። ከኦይታ አባት ከአቶ ወልደ ሚካኤል ጋር ተጨባበጡ። ስለ ሠርጉ አንድም ቃል አልተነሣም። ከዚያ ሳባ ወደ ሌላ ወረዳ ጤና ጣቢያ ተዛወረች፤ የሌሊት ተራ አለባት፤ ማዕዶት ትምህርት ቤት እስክትገባ ኦቾሎ አያቶቿ ዘንድ ትደግ ተባለ። አቶ ጥዑመልሳን የልጅ ልጃቸውን ማየት ከፈለጉ ዳገት መውጣት ግድ ሆነባቸው።

በየቅዳሜው ወጡ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ደረታቸውም ላይ አንድ ነገር ጀምሯል፤ ግን ለማንም አልተናገሩም። ከመኪና ወርደው በእግር የሚወጣውን መንገድ በሦስት በአራት ቦታ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ ይጨርሱታል። ማዕዶት ከሩቅ ታያቸውና ቁልቁል ትሮጣለች። ኪሳቸው ውስጥ ጫማ ጠፍር የመሰለው ሙዝ አለ። በዓለም ላይ ያን ሙዝ የሚበላ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ግን ልጅቱ ቁልቁል አልሮጠችም፤ ሽቅብ እየወጣች ነበር። ከሴቶቹ ኋላ፣ በጀርባዋ ትንሽ የዘይት ጀሪካን አዝላ፣ አንገቷን አቀርቅራ።

«አባባ ጥዑሜ፣ ጀሪካኔን አየሃት? ቢጫ ናት» አለቻቸው፤ ኮርታለች።

«አየኋት። ስጪኝ።»

«አይሆንም፣ የኔ ናት።»

«የአንቺ እንደሆነች አውቃለሁ። እኔ ላዝልልሽ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁባቸው። ሽማግሌ ወንድ፣ ያውም ኮት የለበሰ፣ ጀሪካን አንግቦ ዳገት ሲወጣ አይተው አያውቁም። አንዷ «መምህር፣ ሚስት የለህም እንዴ?» አለቻቸው።

«ነበረችኝ» አሉ። ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠችና ከጎናቸው ሆና ወጣች።

ያን ዕለት ማታ ወደ ሴቻ ሲመለሱ ኮታቸው ጀርባው ረጥቦ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ከበረንዳው ብረት መሃል ቁጭ ብለው አገኘቻቸው ሳባ፤ በከንፈራቸው ብሎን ይዘዋል።

የሠሩት ፓምፕ ነዳጅ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም። ከምንጩ ቁልቁል በወፍራም ቱቦ የሚሮጥ ውሃ አንድ ክዳን ጋ ደርሶ ይደፋል፤ ሩጫው ሲበረታ ክዳኑን ራሱ ይደረግመዋል፤ መሄጃ ያጣው ግፊት ጥቂቱን ውሃ በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ይወረውረዋል። ከዚያ ክዳኑ በክብደቱ ይወርዳል፤ ውሃው እንደገና ይደፋል፤ እንደገና ይሮጣል። ግፊቱን የሚያጠራቅመው የአሮጌ እሳት ማጥፊያ ጋን ነው፤ ክዳኑም ከተጣለ የጭነት መኪና ሞተር የወጣ። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፣ አያቶቻችን ሳይወለዱ የታወቀ ነው ይሉ ነበር፤ «የእኔ ድርሻ ቁርጥራጩን መግጠም ብቻ ነው።»

የኦቾሎ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ሣር ላይ ተቀምጠው ሰሟቸው። ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ፤ ኦይታ አስተረጎመ። በመጨረሻ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰው ሽማግሌ «ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አላየንም። መሄድ ከፈለገ ግን የሚከለክለው የለም» አለ። ፈቃድ ነበር።

ፓምፑ ውሃውን መንደሩ ድረስ አላደረሰም። ዳገቱ ከአቅሙ በላይ ነው። እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ አወጣው፤ የሾላ ዛፍ ያለበት ሜዳ ላይ ወደ በርሜል ይንጠባጠባል። አቶ ጥዑመልሳን ይህን ሲናገሩ ድካም ይሰማባቸዋል። «ግማሽ ነው» ይላሉ ሳይጠየቁ። ሴቶቹ ግን ግማሹንም አልናቁትም። ማዕዶት ወርዳ ስታየው ክዳኑ ወደ ኋላ እያለ ወደፊት ሲመታ እንደ ወጠጤ ነው አለች፤ «ይዋጋል።» ከዚያ ወዲህ ስሙ ወጠጤው ሆነ። ቀንም ሌትም ጧ፣ ጧ እያለ ሲመታ ከገደሉ ሥር ይሰማል። ሰው ለመደው። ልጅቱም ጀሪካኗን ይዛ እስከ ሾላው ብቻ ትወርዳለች።

እንግዲህ ያ ቀን፣ ሳባ ሰኔ ነው ኦይታ ሐምሌ ነው የሚሉት፣ ወጠጤው ዝም ያለበት ቀን ነው። አቶ ጥዑመልሳን ዳገቱን እየወጡ ሳሉ ድንገት ቆሙ። «አይሰማም» አሉ። መንደር ሳይደርሱ ወደ ገደሉ አቀኑ፤ ሳባም ሰሞኑን ፈቃድ ላይ ነበረችና ተከተለቻቸው። ኦይታም ኋላ ኋላ መጣ።

አቶ ወልደ ሚካኤል ምንጩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በጎ የሠራ ሰው ፊት ነው።

«ጠገንኩልህ» አሉ። ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነው የሚሉት፤ አማርኛቸው ከአርባ ምንጭ ገበያ የተለቀመ ነው። አቶ ጥዑመልሳን ይህን ይወዱላቸዋል።

ክዳኑ ታስሯል። በነጭ የጥጥ ማግ፣ ደጋግሞ ተጠምጥሞ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትወጣ ተደርጎ ግጥም ብሎ ታስሯል።

«ጋሽ ወልዴ፣ ምን ሆነብዎ?»

«ውሃዋ ትደፋለች። ቀኑን ሙሉ ትደፋለች። እኔ እዚያ ጉድጓዴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስሸምን እሰማታለሁ፤ ጧ ባለች ቁጥር ደፋች፣ ደፋች እላለሁ። ብዙ ደፍታ ትንሽ ትሰጠናለች። እንደዚህ ያለች የቤት እመቤት አይተሃል? አንጀቴ አልቻለም። አሰርኳት።»

ኦይታ አባቱን ሊቆጣ አፉን ከፈተ። አቶ ጥዑመልሳን በእጃቸው አስቆሙት። ከአቶ ወልደ ሚካኤል ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ደረታቸውን ያዝ አድርገው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

«የምትገፋው እኮ የተደፋችው ናት» አሉ ቀስ ብለው። «እነዚህ ወርደው ሲሮጡ ነው ያቺ የምትወጣው። ሁሉም እንውጣ ካሉ ማንም አይወጣም።»

አቶ ወልደ ሚካኤል አሰቡበት። «እንግዲያው የሚደፋው ነው የደከመው» አሉ።

«አዎ። እሱ ነው የደከመው።»

«እሺ። እፈታታለሁ።» ከወገባቸው ቢላዋ አወጡ። ማጉ እርጥብ ነው፤ እርጥብ የጥጥ ቋጠሮ ደግሞ እንደ አጥንት ነው። የሸማኔ ቋጠሮ ሲሆን ይብሳል፤ በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል።

«ቆይ፣ አይቁረጡት» አሉ አቶ ጥዑመልሳን።

ጎንበስ አሉ። ቋጠሮውን ሳያዩት ነበር ማለት ይቻላል፤ ዓይናቸው ቱቦው ላይ ነው። የአንዱን ክር ጫፍ በጥፍራቸው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት፣ አቀኑት፣ ያ ሁሉ ጥብቀት በአንዴ ላላ። ሁለተኛውን እንዲሁ። ሦስተኛውን እንዲሁ። ከዚያ ማጉን ሲፈቱ ክሩ መሬት አልነካም፤ በአውራ ጣታቸውና በትንሿ ጣታቸው መሃል እያመላለሱ፣ እንዳይወሳሰብ እያጠላለፉ ጠቀለሉት። ጥቅሉን ለአቶ ወልደ ሚካኤል ሲያቀብሏቸው ገና ከመደወሪያው የወጣ ይመስል ነበር።

አቶ ወልደ ሚካኤል ጥቅሉን ተቀበሉ። ጥቅሉን አዩ፣ የአቶ ጥዑመልሳንን እጅ አዩ፣ እንደገና ጥቅሉን አዩ።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

ወጠጤው አንድ ጊዜ ጧ አለ። ቆየና ደገመ።

«ፊዚክስ ነው» አሉ አቶ ጥዑመልሳን፤ ቀና ሳይሉ።

«እህ» አሉ ሽማግሌው። «የኔም አባት ፊዚክስ ነበር በለኛ።»

ማንም አልሳቀም። ሳባ ጭቃው ውስጥ ቆማ አባቷን ከጀርባ ታያቸዋለች። ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። ከኪሳቸው ሁለት ብሎን አወጡ፤ የሚጠብቅም የሚፈታም ነገር አልነበረም፤ ብቻ በከንፈራቸው ያዟቸው።

የሚደፋው ውሃ ነገር እልባት አገኘ። ኦይታና የመንደሩ ወጣቶች ከፓምፑ በታች ድንጋይ ደርድረው ለከብት መጠጫ ገንዳ፣ ለልብስም ማጠቢያ ሠሩለት። አቶ ወልደ ሚካኤልም ከዚያ በኋላ ጧ ሲል «አጠጣች» እንጂ «ደፋች» አላሉም። በመከር ወራት ጋቢ ሸምነው፣ ጥለቱን በኦቾሎ ቀይና ጥቁር አስጊጠው፣ ለሳባ አባት ሰጧቸው። አቶ ጥዑመልሳን ያን ጋቢ ለብሰው ሴቻ ታዩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ኮት ሳይደርቡ ከቤት የማይወጡ ሰው ነበሩ።

ለሳባ ግን ሰላም አልሆነላትም። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ መልስ ይዛ ኖራ ነበር፤ መጥፎ መልስ ነው፣ ግን መልስ ነው። አባቴ የባሌን ቤተሰብ ንቀው ከሠርጌ ቀሩ። አሁን ያ መልስ እንደ ማጉ ተፈታ። ሸማኔ የናቀ ሰው እጅ እንደዚያ አይሄድም። ያ እጅ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ክር የጠቀለለ እጅ ነው። እንግዲያው መራቤቴ ያሉት ገበሬ አባታቸው ማን ናቸው? እንግዲያው ያን እሑድ አባቴ ለምን ቀሩ? ሸማኔዎች በተሰበሰቡበት ድግስ ላይ እጃቸውን አንድ ሰው እንዳያይባቸው ፈርተው ይሆን? ወይስ ልጃቸው ያለ ኀፍረት የገባችበትን ዓይነት የሸማኔ ቤት እሳቸው በኀፍረት ትተው ወጥተው፣ በምን ፊት ይግቡበት? ይህን ራሷ ፈጠረችው እንጂ ማንም አልነገራትም። ከአፋቸው መስማት ፈለገች። አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

በመጀመሪያ አማቷን ጠየቀቻቸው፤ በሸማኔ ጉድጓዳቸው ውስጥ መወርወሪያውን እያመላለሱ ሳሉ።

«አባባ ወልዴ፣ ያን ቀን ምን አዩ?»

«እጁን አየሁ።»

«እና?»

«እና ምን? እኔ ያየሁት እጁን ነው። አፉን አንቺ ጠይቂው፤ አባትሽ ነው።» ድሩን በግራ እጃቸው አጠበቁ። «ስትጠይቂው ግን ቀስ ብለሽ። እርጥብ ቋጠሮ ነው።»

ለመጠየቅ ያልሞከረችበት ዓመት የለም። ሳባ ወደ አርባ ምንጭ ተመልሳ፣ ማዕዶትም ትምህርት ቤት ገብታ ሲቀላ ከወላጆቿ ጋር መኖር ስትጀምር አቶ ጥዑመልሳን በየቀኑ ከሴቻ ይወርዱ ነበር፤ ልጅቱን ከትምህርት ቤት ለመቀበል፣ ከዚያ በረንዳ ላይ አብረው ቁጭ ብለው አንድ ነገር ለመፍታት። ሁለቱም በከንፈራቸው ብሎን ይይዛሉ። ሳባ ከሥራ ስትመለስ ሁለት ሰው ራሱን ይነቀንቅባታል። ቆይ። ቆይ። እሷም ደክሟት ነው የምትመጣው፤ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ትገባለች።

በሌሎቹ ቀኖች ደግሞ ስልክ ነው። «መምህር፣ ወጠጤው ቆሟል።» የክዳኑ የጎማ ማሸጊያ በየጊዜው ያልቃል፤ ቅጠል ይገባበታል፤ ጎርፍ ቱቦውን ይነቅለዋል። ኦቾሎ ያሉ ወጣቶች መጠገኑን ተምረዋል፤ ሰው ግን የሚደውለው ለእሳቸው ነው። እሳቸውም አልሄድም አይሉም። ልጅቱ እዚያ እንደሌለች፣ ቢጫዋ ጀሪካን ድሮ እንደተጣለች የነገራቸው ሰው ቢኖርም አልሰሙም። «የሰው የልጅ ልጅ አለ አይደል?» ይላሉ። ከድንጋይ ድንጋይ የሚያርፉበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። አቶ ወልደ ሚካኤል በ2007 ሲያርፉ አቶ ጥዑመልሳን ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ተቀመጡ፤ ጋቢውን አዘቅዝቀው ለብሰው፤ ከሸማኔዎቹ መሃል። ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ሳባ በዚያም ልትጠይቅ አስባ ነበር፤ ለቅሶ ቤት አይጠየቅም ብላ ተወችው።

በ2009 ሐኪሞቹ ልባቸውን አዳምጠው አዲስ አበባ ይሂዱ አሉ። ሳባ አብሬ ልሂድ ብትል «ማዕዶት ፈተና አለባት» ብለው እምቢ አሉ። ፈተና የሚለው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሁለቱም ወደ መሬት አዩ።

ጎህ ሲቀድ ሲቀላ አውቶቡስ ተራ አደረሷቸው። ኦይታ ሻንጣውን ጣራ ላይ ሊያስጭን ሄደ። አቶ ጥዑመልሳን በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ጋቢውን ተከናንበዋል፤ መስኮቱ ተከፍቷል። ሳባ ሌሊቱን ቃሉን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ማዕዶት ግን ቀደመቻት። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ መስኮቱ ላይ ይደርሳል።

«አባባ ጥዑሜ፣ ማሸጊያው ቢያልቅስ?»

«ከመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከመነዳሪ ቆርጠሽ ታደርጊለታለሽ።»

«ከየትኛው?»

«ከቀጭኑ። ወፍራሙ ይከብደዋል፣ ይሰንፋል። ውፍረቱን በጥፍርሽ ለኪው። ደግሞ እንዳታጠብቂው፤ ትንሽ ማፍሰስ አለበት።»

«አውቃለሁ። የምትደፋው ናት የምትገፋው።»

«ጎበዝ።»

እየተናገሩ የጋቢው ጫፍ የተተረተረ ዘርፍ በእጃቸው ገባ። ጣቶቻቸው ሁለት ክር ያዙ፣ አጠላለፉ፣ ቋጠሩ፤ ሌላ ሁለት ያዙ። አላዩትም። ሳባ ግን አየችው። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አየች፤ አፋቸው ውስጥ ምንም የለም። ብሎን የለም። በሕይወቷ ለመጠየቅ ከዚህ የቀለለ ጊዜ አልነበረም።

ቀረብ አለች። እጇን መስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ ጣቶቻቸው አጠገብ አደረገች።

«አባዬ።»

«ወይ፣ ሳቢ።»

«መራቤቴ ሳሉ፣ አባትዎ…»

ጣቶቻቸው ቆሙ። ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን አልሸሸም። የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት።

ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ። «ሳበው!» አለ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጭስ መጣ፤ ሳባ እጇን ከመስኮቱ አነሣች። አቶ ጥዑመልሳን አንድ ነገር አሉ፤ ወይም አፋቸውን ከፈቱ፤ ማዕዶት ምንም አላሉም ትላለች። አውቶቡሱ ቆመው ከሚጠብቁ ባጃጆች መሃል ቀስ ብሎ ወጣና ወደ ሶዶ መንገድ ታጠፈ፤ እሳቸውን ግን መልሶ አላመጣቸውም።